ለዒድ ስንጓዝ የምናልፋቸው መቃብሮች

ረመዳን ሃያውን ቀን ሲሻገር በየቤታችን አንድ ጥያቄ ይነሳል። «ዘንድሮ ዒድን የት ነው የምናሳልፈው?» ይባላል። አገር ቤት ዘመድ ያለው ቲኬት ይቆርጣል ወይም መኪና ይከራያል፤ ለሽማግሌዎቹ ጋቢ፣ ለልጆቹ ጫማ፣ ለጎረቤቱም ስኳርና ቡና ይሸምታል። ስለ ነዳጁ፣ ስለ መንገዱና ስለሚታረደው በግ ብዙ ይወራል። በመንገዱ ግራና ቀኝ አፈር ስለለበሱት ዘመዶቻችን ግን የሚያነሳ ብዙም የለም። እኛም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ነበርን።

ከጦርነቱ በፊት በነበረ አንድ ረመዳን፣ ዒዱን ከዘመዶቻችን ጋር ለመስገድ ከአዲስ አበባ ወደ ሰቆጣ ተነሳን። እናታችን ከፊት ተቀመጠች፤ ልጆቹ ከኋላ ተደረደሩ። ደሴ አድረን በማግሥቱ ወልዲያን፣ ቆቦንና አላማጣን አለፍንና የግራካሶን ጠመዝማዛ ዳገት ወጣን። ለመንገደኛ ጾም መፍታት እንደሚፈቀድለት ለእናታችን ብንነግራትም «አላህ አቅም ሰጥቶኛል፤ ቀዷ አላበዛም» ብላ እንደጾመች ነበር። ዳገቱ አልቆ የኮረም ሜዳ ሲታይ ልጆቹ ቀዝቃዛው አየር ስለገባላቸው መጫወት ጀመሩ። ወደ ሰቆጣ የሚያስገባው መንገድ የሚታጠፈው እዚያው ኮረም ነው።

«እዚህ ጋ አቁም» አለች እናታችን።

በዚያ መንገድ ስንመላለስ አንድም ቀን አቁሙ ብላ አታውቅም። ወረደች፤ ሻርፗን አስተካከለች፤ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው መሬት ዞረችና ለቀብር ሰዎች የሚባለውን ሰላምታ ሰጠች። ከዚያ መዳፏን ዘርግታ ዱዓ አደረገች። ስትጨርስ በሰባ ሰባቱ ከሰቆጣ ወገን በእግሯ ወጥታ እዚህ እንደደረሰች፣ ታናሽ ወንድሟና አያቷ እዚሁ እንደቀሩ በአጭሩ ነገረችን። ታሪኩን ድሮም ጥቂት ጥቂት ሰምተናል፤ ቦታውን ግን አላወቅንም ነበር።

ትንሿ ልጃችን «እማማ፣ የእነሱ የትኛው ነው?» ስትል ጠየቀች።

«የትኛው እንደሆነ አላውቀውም ልጄ። እዚህ አካባቢ ናቸው።»

«ስማቸውስ ማነው?»

እናታችን የወንድሟን ስም ወዲያው ተናገረች። አያቷ ላይ ስትደርስ ዝም አለች። «ትልቋ እናታችን ነበር የምንላት» አለች ቆይታ። «ስሟን የሚጠራ አልነበረም። ትልልቆቹ የእገሌ እናት ይሏታል፤ እኛ ትልቋ እናት እንላታለን።»

ልጅቱ አልተወችም፤ «ታዲያ ዱዓ ስናደርግላት ማን ብለን ነው?» አለች።

«አላህ ያውቃታል» አለች እናታችን። «የማናውቃት እኛ ነን።»

ይህች መልስ ናት ዛሬ ይህን እንድንጽፍ ያደረገችን። ሀሳባችን አጭር ነው። ለዒድም ሆነ ለሌላ ጉዳይ ወደ አገር ቤት ስንጓዝ፣ በመንገዳችን ላይ ባሉ መቃብሮች ልጆቻችንን ይዘን እንቁም፤ ከዚያም በፊት በዚህ ረመዳን በአፍጥር ማዕድ ዙሪያ የሟቾቻችንን ስም ከሚያውቁት ሽማግሌዎች ተቀብለን እንጻፍ። ስሙን የሚያውቀው የመጨረሻው ሰው ከሞተ በኋላ የሚጠየቅ አይገኝም።

ፊት ያለው፣ ስም የሌለው

የ1977ቱን ረሃብ የኛ ትውልድ ከወላጆቹ ሰምቶታል። ዝናቡ ቀረ፤ ጦርነቱ መንገድ ዘጋ፤ የዋግ፣ የላስታ፣ የራያና የትግራይ ገበሬ ከብቱን ሸጦ፣ ዘሩን በልቶ ሲጨርስ ወደ ዋናው መንገድ ተሰደደ። ኮረም በአስፋልቱ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ እርዳታ ይደርሳል ተብሎ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተሰበሰበባት። ደጋ ናትና የሌሊቱ ብርድ ከረሃቡና ከበሽታው ጋር ተባብሮ ሰውን ፈጀ።

በጥቅምት 1977 የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል ቡርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከዚያ ሜዳ የቀረጹት ፊልም በዓለም ቴሌቪዥኖች ታየ። ዓለም የደነገጠው ያን ጊዜ ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ የተካሄደው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት የዚያ ፊልም ውጤት ነበር። የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ የሆነው መሐመድ አሚን ኅዳር 14 ቀን 1989፣ ተጠልፎ ኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሞተ። የእሱ ስም፣ የሞተበት ቀንና ቦታ ተጽፎ ይገኛል። በካሜራው ያያቸው ሰዎች ግን ፊታቸው ዛሬም ድረስ በየፊልሙ ይታያል፤ ማን እንደሚባሉ የሚነግረን የለም።

እናታችን እንደምትለው በዚያ ሜዳ ለመጠጥ ያልበቃ ውሃ ለጀናዛ ትጥበት አይበቃም፤ ለሕያው የጠፋ ጨርቅም ለከፈን አይገኝም። አቅም ያላቸው ወንዶች ባላቸው ከፍነው፣ ሰግደው ቀበሩ። ሃይማኖታችን ለተቸገረ ሰው ያለውን ርኅራኄ ስለሚያውቁ በዚህ አልተጨነቁም። የምትጸጸትበት አንድ ነገር ግን አላት፤ ድንጋይ አለማኖሯ። «ድንጋይ ባኖር ኖሮ እመለስና አገኘው ነበር» ትላለች። እዚያ ቦታ ላይ በሃያ ዓመት ዕድሜዋ፣ ተርባና ታማ የነበረች ሴት ድንጋይ አላኖርሽም ተብላ አትወቀስም። እኛ ግን ጠግበን፣ ስልክና ደብተር ይዘን፣ እናታችን በሕይወት እያለች የአያቷን ስም ሳንጠይቅ ስንት ረመዳን አለፈ?

ሳናውቅ ያለፍነው ኲሓ

ዒዱን ሰቆጣ ሰግደን ከከረምን በኋላ፣ ልጆቹ ነጃሺን እንዲያዩ ወደ ሰሜን ቀጠልን። ወደ ኮረም ተመልሰን፣ የሐሸንጌን ሐይቅ በግራ ትተን፣ ማይጨውን አልፈን መቀሌ አደርን። በማግሥቱ በኲሓ በኩል ወደ ውቅሮ ስንወጣ ከመኪናችን አልወረድንም። ከመቀሌ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ በምትገኘው በዚች ከተማ ምን እንዳለ ያወቅነው ከጉዞው በኋላ፣ አዲስ አበባ ገብተን ስናነብ ነው።

ኲሓ አጠገብ ቢለት በተባለው ቦታ ጥንታዊ የሙስሊሞች መቃብር አለ። ከዚያ አካባቢ የተገኙ፣ ዐረብኛ የተቀረጸባቸውን የመቃብር ድንጋዮች ማድሌን ሽናይደር የተባለች ፈረንሳዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1967 አሳትማቸዋለች። ከዚያም ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ቦታውን ቆፍረው አጥንተውታል። ያገኙት መረጃ እንደሚያሳየው ከ10ኛው እስከ 13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ በዚያ የደጋ መሬት ላይ የሙስሊሞች ማኅበረሰብ ይኖር ነበር። ከቀይ ባሕሯ የዳህላክ ደሴትና ከዚያም ማዶ ካለው የሙስሊሙ ዓለም ጋር ይገናኛል። ዘመኑ የዛጉዌ ነገሥታት የነበሩበትን ጊዜ ይጨምራል። የዋግ ሹሞች ትውልዳቸውን የሚቆጥሩት ከዛጉዌ ነውና፣ የቢለት ሙስሊሞችና የኛ የዋግ ደጋ ታሪክ የተራራቀ አይደለም።

እነዚህ ድንጋዮች የንጉሥ ወይም የወልይ ሐውልት ሆነው የተሠሩ አይደሉም። ድንጋዩ የሟቹን ስም ከነአባቱ፣ አንዳንዴም የሞተበትን ቀንና ዓመት፣ ከቁርኣን ቃልና ከምሕረት ዱዓ ጋር ይዟል። ሰውየው እንደኛው ሠርቶ፣ ልጅ አሳድጎ፣ ሰግዶና ጾሞ ያለፈ ነው። አንድ ልጅ ወይም አንድ ወንድም ለጠራቢ ከፍሎ ስሙን አስጻፈለት፤ እነሆ ዘጠኝ መቶ ዓመት አልፎት ይነበባል። በዳህላክ ከቢር ደግሞ እንዲህ ያሉ ድንጋዮች በመቶዎች ይቆጠራሉ፤ የወንድም የሴትም ስም አለባቸው። ብዙዎቹ ከቦታቸው ተነቅለው በካይሮና በአውሮፓ ሙዚየሞች ይገኛሉ።

በዘጠኝ መቶ ዓመት ርቀት ላይ ያለ የቢለት ሰው ከነአባቱ ይታወቃል። በአርባ ዓመት ርቀት ላይ ያለችው የእናታችን አያት አትታወቅም። ልዩነቱ የዘመን አይደለም፤ አንዱን ጽፎ ያስቀመጠለት ሰው ነበር።

ጉዳዩ ከአንድ ቤተሰብም ያልፋል። ሙስሊሙ በደጋው ክርስቲያናዊ አገር ለብዙ ዘመን በርስት መሬት አልያዘም፤ ኑሮው ንግድና ሽመና ነበር። የሰቆጣ ገበያ ከአፋር የጨው ሜዳ በትግራይ በኩል የሚመጣው አሞሌ የሚራገፍበት ትልቅ ገበያ እንደነበር ይታወቃል፤ በዚህ የሲራራ ንግድ ውስጥ ሙስሊም ነጋዴ ሰፊ ድርሻ ነበረው። መሬት ያልነበረው ሰው የርስት ክርክር መዝገብ ውስጥ አይገኝም፤ የቤተ ክርስቲያን መዝገብም አይመለከተውም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ የወጣው ታላቁ የሙስሊሞች ሰልፍ ካነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባላችን ቀርቶ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች እንድንባል ነበር። አባቶቻችን በአደባባይ የጠየቁትን፣ የቢለት ድንጋዮች ከመሬት ውስጥ ሆነው ቀድመው መልሰውታል። ልጆቻችን ይህን በዓይናቸው ቢያዩ ከማንም ጋር መከራከር ሳያስፈልጋቸው ከየት እንደሆኑ ያውቃሉ።

ነጃሺ ለልጆች

ከውቅሮ ወጣ ብሎ ያለውን ነጃሺን ሁሉም ቤተሰብ በስም ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ615 ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በመካ የተሠቃዩትን ባልደረቦቻቸውን ፍትሐዊ ንጉሥ ወዳለበት አገር ወደ ሐበሻ ላኩ። በመጀመሪያዎቹ ስደተኞች መካከል ልጃቸው ሩቀያና ባለቤቷ ዑስማን ኢብኑ ዐፋን ነበሩ፤ በኋላ በጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ የሚመሩት ብዙዎቹ መጡ። በነጋሽ መንደር ባለው ቅጥር ውስጥ ንጉሡ አስሐማና አሥራ አምስት ሰሐቦች ማረፋቸው በትውፊት ይነገራል። በየዓመቱ በዓሹራ ቀን ከየአገሩ ሰው ይሰበሰብበታል።

ልጆቹን ይበልጥ የማረካቸው ግን ሌላ ነገር ነው። በሐበሻ የተወለዱ የሰሐባ ልጆች እንደነበሩ ነገርናቸው። የጃዕፈር ልጅ ዐብዱላህ እዚሁ አገር ተወልዶ፣ እዚሁ ዳዴ ብሎ አድጎ ነው መዲና የገባው። «ስለዚህ እሱ የኛ አገር ልጅ ነው?» አሉ። ሓጢብ ኢብኑል ሐሪስ የተባለው ሰሐባ ደግሞ እዚህ አገር ሞቶ ሚስቱ ፋጢማ ሁለት ልጆቿን ይዛ በመርከብ ተመለሰች። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። በኮረም ያዩትን አያታቸውን ሳያስታውሳቸው አልቀረም።

ሓጢብን ያወቅነው የመጀመሪያዎቹ የሲራ ጸሐፊዎች ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን፣ ከእነሱም ተመልሰው ያልመጡትን በየጎሳቸው፣ ከነአባቶቻቸው ስም እየዘረዘሩ ስለጻፉ ነው። ጥቂት ሰዎች በሩቅ አገር ሞቱ፤ ሆኖም ኡማው ስማቸውን አልጣለም። የሙታንን ስም መዝግቦ መያዝ ከውጭ የመጣ ልማድ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገንም።

እኛ ባየነው ጊዜ መስጂዱና መቃብሮቹ በቱርኩ የትብብር ኤጀንሲ በቲካ ታድሰው ገና አዲስ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ በ2013 በተነሳው ጦርነት መስጂዱም መቃብሩም ጉዳት ደረሰባቸው። ፎቶውን በስልካችን ስናይ ትልቁ ልጃችን «እኛ የቆምንበት ጋ ነው» አለ። ባይሄድ ኖሮ ለእሱ ከብዙ የጦርነት ወሬዎች አንዱ ብቻ ይሆን ነበር። የቆመበት ቦታ ስለሆነ ግን ሲጠገንም ሲጎዳም ያገባዋል።

የሚነሱ ጥያቄዎች

ይህን ሀሳብ ለወዳጆቻችን ስናካፍል የሚነሱ ጥያቄዎች አሉ፤ ተገቢም ናቸው።

አንደኛው፣ ለመቃብር ብሎ መጓዝ ይፈቀዳል ወይ የሚለው ነው። ከሦስቱ መስጂዶች በቀር ጓዝ ታስሮ የሚኬድበት ቦታ እንደሌለ የሚናገረውን ሐዲስ ዑለሞቻችን በተለያየ መንገድ ይረዱታል። በወሎና በዋግ የዚያራ ልማድ ሥር የሰደደ ነው፤ ይህን ልማድ የሚነቅፉም አሉ። ለዚህ ክርክር ፍርድ መስጠት የኛ ሥራ አይደለም። የኛ ምክር ግን ከክርክሩ ውጭ ነው። ጉዞው የሚደረገው ሕያው ዘመድ ለመጠየቅ ነው፤ ይህ ደግሞ ሁሉም የሚስማማበት የዝምድና መቀጠል ነው። መቃብሩ በመንገዱ ላይ ነው ያለው። መኪናን ለአሥር ደቂቃ አቁሞ ሰላምታና ዱዓ ማድረግን የሚከለክል አላገኘንም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መቃብር መጎብኘትን በመጀመሪያ ከልክለው በኋላ የፈቀዱት አኼራን ስለሚያስታውስ ነው። ሴቶች መዘየራቸውን በተመለከተም መዝሀቦች የተለያየ ሀሳብ አላቸውና ቤተሰብ የሚያምነውን ዐሊም ይጠይቅ።

ሁለተኛው፣ ስም መጻፍ ወደ መቃብር ማምለክ አያደርስም ወይ የሚል ነው። መቃብርን መገንባትና መጻፍ የሚከለክል ዘገባ መኖሩን እናውቃለን፤ በእብነ በረድና በቀለም መወዳደርም ለሟቹ የሚጨምርለት ነገር የለም። እኛ የምንለው በደብተር ይጻፍ ነው። ለመቃብሩ ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዑስማን ኢብኑ መዝዑን ራስጌ እንዲታወቅ ብለው ድንጋይ እንዳኖሩ ተዘግቧል። ምልክት የሚሆን ድንጋይ በቂ ነው፤ እናታችን የተጸጸተችበት ያው እሱ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ «ዱዓ ከየትም ሆኖ ይደርስ የለም ወይ? ለምን ልጆችን እናስጨንቃለን?» የሚል ነው። ዱዓ ከየትም ይደርሳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለነጃሺ መዲና ሆነው ሰግደውለታል። ወደ መቃብሩ መሄዱ ግን የሚጠቅመው ለሄደው ነው። ልጅ ሞትን ከፊልምና ከስልክ እየተማረ ነው፤ በጥይትና በጩኸት መካከል ያየዋል። ከእናቱና ከአያቱ ጎን ቆሞ፣ ጸጥ ባለ ቦታ፣ «እነዚህም እንደኛ ነበሩ፤ እኛም እንደእነሱ እንሆናለን» ሲባል የሚሰማው የተለየ ነው። የኛዎቹ በኮረም አላለቀሱም፤ ማታ ሰቆጣ ስንገባ ግን ከአያታቸው አጠገብ አልነሳም አሉ።

ምን እናድርግ?

ዛሬ ወደ ዋግም ሆነ ወደ ትግራይ የሚወስደው መንገድ እንደ ያን ጊዜው ሁሌ ክፍት አይደለም። ስለዚህ ማንንም ተነስታችሁ ሂዱ አንልም። የመንገዱን ሁኔታ ከአገሩ ሰው ሳይጠይቁ ቤተሰብ ይዞ መውጣት አይገባም። መንገዱ ቢዘጋም ግን ሥራው የሚጀመረው ቤት ውስጥ ነው፤ ረመዳን ደግሞ ከሌላው ወር ይልቅ ይመቻል። ዓመቱን ሙሉ በየፊናው የሚበላው ቤተሰብ በዚህ ወር በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ማዕድ ይሰበሰባል። ቴምሩና ሾርባው ተቀምሶ፣ መግሪብ ተሰግዶ፣ ተራዊሕ እስኪደርስ ያለችው ጊዜ ለዚህ ትበቃለች።

ደብተር ይገዛ። ጽሑፉን ልጅ ይያዘው፤ ሽማግሌ ለልጅ ሲናገር ይበልጥ ይዘረዝራልና። ለእያንዳንዱ ሟች ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ፣ የመጣበትን አገር፣ ሥራውን፣ የሞተበትን ዘመንና የተቀበረበትን ቦታ እንጻፍ። ዓመቱ ካልታወቀ «ሰባ ሰባት ላይ»፣ «ደርግ የገባ ዓመት» እንደተባለ ይጻፍ። በሴቶቹ ላይ ደግሞ መበርታት ያስፈልጋል። ወንዱ በልጁ ስም ውስጥ ቢያንስ አንድ ትውልድ ይቆያል፤ ሴቷ «የእገሌ እናት» ስትባል ኖራ ስሟ አብሯት ይቀበራል። በየቤቱ ብንጠይቅ የአባታችንን እናት እናት ስም የሚያውቅ ስንት ነው?

አገር ቤት መድረስ የቻለ ደግሞ ከዒድ ሶላት በኋላ ሽማግሌ ይዞ ወደ ቀብሩ ይውጣ። ሽማግሌው የማንነታቸውን እየነገረ ሲሄድ ልጆቹ ድንጋይ በሌለበት ድንጋይ ያኑሩ፤ ቦታውንም በስልክ ካርታ ላይ ምልክት ያድርጉ። እሾህ የበቀለበትን መንቀል፣ አጥር የፈረሰበትን ማጠር፣ ለመቃብር ጠባቂ ሰደቃ መስጠት ሁሉም የሚችለው ነው። ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖች በዚህ ይበልጡናል። ከሰቆጣ ብዙም በማይርቀው የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የቀደሙት ሰዎች አስከሬን ሳይፈርስ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። የእነሱ ሥርዓት የእነሱ ነው፤ የኛ ሟች አፈር ይገባል። ለሟች ያላቸውን ትጋት ብናደንቅና ብንቀናበት ግን ነውር የለውም።

የየመስጂዱ ኮሚቴዎችና የሙስሊም እድሮችም ድርሻ አላቸው። እድር የሞተውን ለመቅበር ገንዘብና ሰው ያዘጋጃል፤ ማን የት እንደተቀበረ የሚመዘግብ ግን ስንቱ ነው? አንድ መዝገብና አንድ ጸሐፊ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከተማ ሲሰፋ፣ መንገድ ሲወጣ፣ የመቃብር ቦታ ይነሳ ሲባል፣ መዝገብ ያለው ማኅበረሰብ የሚናገረው ነገር ይኖረዋል።

ወደ ሰቆጣው ዒድ እንመለስ። በዚያን ቀን ከሶላት በኋላ ቤቱ በሰው ሲሞላ ልጅቱ ደብተር ይዛ በየሽማግሌው እየዞረች «የእማማን አያት ስም ታውቃለህ?» ስትል ዋለች። አብዛኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ማታ ዓይናቸው የደከመ አንድ የእናታችን ዘመድ፣ ከጥግ ተቀምጠው ቡና ሲጠጡ፣ «እሷንማ አውቃታለሁ» አሉና ስሟን ጠሩ። እናታችን በሃምሳ ምናምን ዓመቷ የአያቷን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች። ደጋግማ ጠራችው። ልጅቱም ጻፈችውና «የአባቷስ?» አለች። ሽማግሌው ብዙ አሰቡ፤ አላገኙትም። ሌላም የሚያውቅ አልነበረም።

እኚያ ሽማግሌ በቀጣዩ ዓመት ሞቱ፤ አላህ ይዘንላቸው። አንድ ዓመት ዘግይተን ቢሆን ስሙም አብሯቸው ይሄድ ነበር። አሁን በደብተራችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ ስሟ ተጽፏል፤ ከጎኑ ለአባቷ ስም የተተወው ቦታ ግን እስከ ዛሬ ባዶ ነው። በየረመዳኑ ደብተሩን እናወጣለን፤ ከአፍጥር በኋላ ልጅቱ ስሞቹን አንድ በአንድ ታነባለች፤ እኛ አሚን እንላለን። የአባቷን ስም የሚያውቅ አንባቢ ከሰቆጣም ሆነ ከሌላ ቦታ ይኖር ይሆናል ብለን ተስፋ አልቆረጥንም።

በየቤታችሁም ጥግ ተቀምጠው ቡና የሚጠጡ ሽማግሌ አሉ። ዛሬ ማታ ጠይቋቸው። ረመዳን ሙባረክ።